ወንድም ጋሼና ጠጉራሙ ኮርማ

ወንድም ጋሼ ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት ክብደቱን ነው የሚያየው። ገና የእግዜር ሰላምታ ሳያልቅ "ሰባ ሁለት ኪሎ" ይላል። "አንቺ ደግሞ ከስተሻል፤ ሃምሳ አራት ብትሞዪ ነው።" ሃያ ሁለት ዓመት በከብት እርባታ ጣቢያው ሚዛን አጠገብ ቆሞ ስለኖረ፣ ዓለም በሙሉ እሱ ፊት ተራዋን ይዛ የተሰለፈች ይመስለዋል። ባሌ የሞተ ቀን ሬሳውን ሲያወጡ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱን ጠጋ ብሎ "በሽታው ጎድቶት ነው እንጂ ሰማንያ ይገባ ነበር" ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ናቅኩት ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው፤ የናቅኩት ከዚያ በፊት ነው።

ከእኔ በሰባት ዓመት ይበልጣል። እናታችን "ታላቅሽ ነው፣ ወንድም ጋሼ በዪው" ስላለችኝ ይኸው እስከ ዛሬ እላለሁ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ "ሚዛኑ" ይለዋል፤ እሱ ይሄን እንደ ሹመት ነው የሚቆጥረው። ሁለት የማይለወጡ ንግግሮች አሉት። አንደኛው "ሚዛን አይዋሽም" ነው። ሁለተኛው ለእኔ የተቀመጠ ነው፦ "እሷ ምን ታውቃለች!" ልጅ ሆኜ ለእናቴ ብሏታል፣ ሳገባ ለባሌ ብሎታል፣ ባሌ ሲሞት ለቅሶ ለመጡ እንግዶች ሁሉ ሳይታክት ብሏል። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ከከብት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። አልባለሁ፣ ጥጃ በጎን ሲመጣ እጄን ከትቼ አስተካክዬ አወጣለሁ። እሱ ከብት ነክቶ አያውቅም። ከብቱ ብረት ላይ ይወጣል፣ እሱ መርፌውን ያነባል። አለቀ።

ሥራውን ስታዩት ደግሞ ሳቅ ይይዛችኋል። ረጅም የቆርቆሮ ዳስ አለ፤ ከዳሱ ሥር ከብት አንድ በአንድ የሚያልፍበት የብረት ቧንቧ አጥር፤ በአጥሩ መጨረሻ የብረት ወለል ያለው ሚዛን፤ ከላይ የግድግዳ ሰዓት የሚያህል መርፌ ያለው ሰሌዳ። ወንድም ጋሼ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሮ (የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው) እዚያ ይቆማል። ወይፈኑ ሲገባ በሩ ይዘጋል። መርፌው ይንቀጠቀጣል። ወንድም ጋሼ እጁን ወደ ላይ አንስቶ "ጸጥታ!" ይላል፤ ለማን እንደሚል እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሠራተኛው እንደሆነ ዝም ብሏል፣ ወይፈኑም አማርኛ አይሰማም። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብና በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ከእኔ በላይ ላሳር ማለት ይሄ ነው።

ጣቢያው የሚሠራው የሥጋ ከብት ማዳቀል ነው። እዚህ ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል። የእኛ ሻኛ ያላቸው ከብቶች ሙቀቱንም መዥገሩንም ይችሉታል፣ ግን እድገታቸው የኤሊ ነው። ከቀዝቃዛ አገር የመጣው ኮርማ ሥጋው ተራራ ነው፣ ግን እዚህ ፀሐይ ላይ ቢያቆሙት በሦስት ቀን ምላሱን አውጥቶ ይተኛል። ሁለቱን ሲያዳቅሏቸው የመጀመሪያዎቹ ጥጆች ግሩም ሆነው ወጡ፤ ከእናታቸው ቻይነቱን፣ ከአባታቸው ሥጋውን ይዘው። እዚህ ላይ ወንድም ጋሼ ፈላስፋ ሆነ። "ግማሹ የውጭ ደም እንዲህ ካሳደገው፣ ሦስት አራተኛው የውጭ ደም ቢሆን ምን ሊሆን ነው?" ይል ጀመር። አንድ ቁንጣሪ ጨው ሾርባውን ካጣፈጠው ጥቅሉን ሙሉ ጨምሩበት የሚል ሰው ነው። እርግጥ ብቻውን አልነበረም። ጣቢያውም ሞክሮታል። በጥላ ሥር ታስረው ፉርሽካ እየተቀለቡ ሚዛን ላይ ሲወጡ መርፌውን የሚያስዞሩ፣ መስክ ላይ ሲወጡ ግን ዛፍ ሥር ተኮልኩለው የሚያለከልኩ ወይፈኖች ሞሉት።

ይሄን ጊዜ ነው ባለሙያዋ የመጣችው። አጠር ያለች፣ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ጣቢያውን አሥራ አራት ዓመት መርታዋለች። ድቅሎቹን እርስ በርስ እያራባች፣ በየትውልዱ እየመረጠች፣ ሙቀት የሚችል ሥጋ ያለው ዘር ለማውጣት ነው የደከመችው። አመራረጧ ሁለት ነገር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ደብተሯን ይዛ መስክ ትወጣና ማን እንደሚግጥ፣ ማን ጥላ ሥር እንደቆመ ትጽፋለች። ሁለተኛው፣ መዳፏን በከብቱ ጀርባ ላይ ከኋላ ወደ ፊት፣ ጠጉሩን እየቀለበሰች ታስኬዳለች። ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ ከሆነ ይቆያል። መዳፏ ከሰመጠ ወይፈኑ ወደ ማኮላሻው ነው፣ አባቱ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን።

ወንድም ጋሼ "ጸጉር ቤቷ" አላት። "በእጇ የምትመዝን ሴት አመጡብን!" እያለ ለሚስቱ ሲያወራ፣ ሚስቱ ስልኳን እያየች "እህ" ትለዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ስትል ነው የኖረችው።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ባሌ ትቶልኝ የሄደው ስምንት ላሞች ናቸው። ከነሱ ሌላ ሀብት የለኝም። አሮጌው ኮርማችን በሞተ በሁለተኛው ወር ጣቢያው በዙሪያው ላለን አርቢዎች ከባለሙያዋ ዘር ኮርማ ማደል ጀመረና ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ከኮርማው ጋር የወንዝ ዳሩን ግጦሽ ይሰጣሉ፤ በበጋ ከዚያ ሌላ አረንጓዴ ነገር የለም። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። በዓመቱ ባለሙያዋ መጥታ ላሞቹን ትመረምራለች። ላሞቹ ያላረገዙት በተቀባዩ ጥፋት ከሆነ፣ ወይም ተቀባዩ ኮርማውን ካጭበረበረ፣ ግጦሹ ይወሰዳል፣ ስሙም ይሰረዛል። ግጦሹ ከተወሰደ ላሞቼ በጋውን አይወጡትም። እኔም አብሬያቸው ነኝ፤ ዘመድ ቤት ሄዶ የሰው ልጅ ማሳደግ ነው የሚቀረኝ።

ለእኔ የተመደበው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቁጥር ነበር። ቀይ፣ ቆዳው ልቅም ያለ፣ ጠጉሩ የተላጨ የሚመስል ወይፈን። ወንድም ጋሼ ሚዛን ላይ ሲያወጣው ሁለት መቶ ስድሳ ኪሎ። ደሙ ፈላ። "የእኔ እህት ይሄን ፍየል ይዛ ሰው ፊት ልትቆም ነው?" አለ። በዚያው ሳምንት ሌላ ቀይ ወይፈን ወደ ማኮላሻው ሊሄድ ተራ ይጠብቅ ነበር። ሦስት አራተኛ የውጭ ደም፣ ግንባሩ ላይ ጠጉሩ የተጠቀለለ፣ በጥላና በፉርሽካ ያደገ፣ በእኩል ዕድሜ አራት መቶ አሥር ኪሎ። ወንድም ጋሼ "ጌታው" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ከበረቱ አጠገብ ሲያልፍ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር ይባላል፤ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ አምናለሁ።

ባለሙያዋ ለስብሰባ በሄደችበት ሳምንት፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን፣ ወንድም ጋሼ የጆሮ ቁጥር መምቻውን ጉጠት ይዞ ገባ። የሁለቱን ወይፈኖች የጆሮ ቁጥር ቆርጦ አቀያየረው። ከምሳ በኋላ አኮላሾቹ አርባ ከብት ነበረባቸው። አንገቱን በብረት ይይዙታል፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ይጨርሳሉ። ያ ልሙጡ፣ የአሥራ አራት ዓመት ድካም፣ በጌታው ቁጥር ተኮላሸ። ለሥጋ ከሚደለቡት ጋር ተቀላቀለ።

እዚህ ላይ የወንድም ጋሼን አእምሮ እዩልኝ። ሌባ ቢሆን መዝገቡንም ያስተካክል ነበር። እሱ ግን ቁጥር ይቀይራል እንጂ ኪሎ አይነካም። ኪሎ ለእሱ ቅዱስ ነገር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጌታው በሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቁጥር ወደ እኔ ሊጫን ሲል ሚዛን ላይ አወጣው፣ "ጸጥታ!" አለ፣ መርፌውን አነበበ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ከሚለው ሥር በዚያ በሚጽፈው እስክሪብቶ አራት መቶ አሥር ብሎ አሰፈረ። ፈርሞበታል።

ጌታው ከመኪናው ሲወርድ መንደሩ በሙሉ ወጣ። ወንድም ጋሼ ደረቱን ነፍቶ ገመዱን ይዞ ነው የመጣው፤ ያን ቀን ለአንድ ጊዜ እንኳ ከብት ነካ። ጎረቤቴ ባለሱቋ፣ እሷም የዚያኑ ሰሞን አንድ ትንሽ ልሙጥ ኮርማ የደረሳት፣ አፏን ይዛ "ኧረ ይሄ ቤት ነው እንጂ ኮርማ ነው እንዴ!" አለች። እኔ ሄጄ እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። ወንድም ጋሼ ጆሮዬ ሥር ሆኖ የሠራውን ሁሉ ነገረኝ፣ ለስጦታው ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። ምን ልበል? የተደረገው ተደርጓል፤ ያኛው ተኮላሽቷል፣ የተቆረጠ መልሶ አይበቅልም። ገመዱን ተቀበልኩት።

ከዚያ በጋው ገባ። ጌታው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኩሬ ውስጥ ይገባና እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ላሞቼ ኮርማ ሲፈልጉ ኩሬው ዳር መጥተው ይጮሁለታል፤ እሱ ጆሮውን አዙሮ ውሃ ይጠጣል። ማለዳ ቀዝቀዝ ሲል አንዳንድ ቀን ወኔው ይመጣና ይንጠላጠላል፤ ላሚቱ ግን በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ ኩሬው ዳር ናት። ከጆሮው ጀርባና ከእግሮቹ መሃል ባቄላ ባቄላ የሚያክል መዥገር እየለቀምኩ፣ በባልዲ ውሃ ጀርባው ላይ እያፈሰስኩ፣ ከማድቤቴ ጣሪያ ሦስት ቆርቆሮ ነቅዬ ጥላ ሠራሁለት። ማድቤቴ ያፈሳል፣ ኮርማዬ ጥላ አለው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ደግሞ ኮርማ አለኝ በኩሬ ሆነ። የባለሱቋ ያ ትንሽ ኮርማ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ከላም ላም ይዞር ነበር፣ ላቡ እንኳ አይታይበት።

ወንድም ጋሼ በየእሁዱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ይመጣል። የጌታውን ደረት ለክቶ፣ ጣቱ ላይ አስልቶ፣ ክብደቱን ያውጃል።

"ሦስት መቶ ሰማንያ።"

"ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው ሦስት መቶ ዘጠና አምስት አላልክም?"

"ውሃ ነው የቀነሰው። ውሃ ክብደት አይባልም።"

"ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው ውሃ የቀነሰው?"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ቀለብ ጨምሪለት።"

ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ሲደርስ ሜትሩን ቤት ረስቶ መምጣት ጀመረ።

በዓመቱ ባለሙያዋ መጣች፤ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት፣ ደብተር፣ የጣቢያው መዝገብ። ወንድም ጋሼም የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ደረሰ። ተስፋ አልቆረጠም ነበር፤ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ላሞቹን አንድ በአንድ አስገባሁላት። እጇን ታስገባለች፣ ትዳስሳለች፣ "ባዶ" ትላለች። ባዶ። ባዶ። ከስምንቱ ሰባቱ ባዶ። አንዷ አርግዛለች፤ በባለሱቋ በኩል ያለው አጥር ሽቦ የተጣመመበትን ቀን ስለማስታውስ ስለ አባትየው ምንም አልተናገርኩም።

ባለሙያዋ ጓንቷን አውልቃ ወደ ኩሬው ሄደች። ጌታውን በገመድ አወጣንላት። ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መዳፏን ከኋላ ወደ ፊት አስኬደች። ጣቶቿ ጠጉሩ ውስጥ ጠፉ። የጆሮውን ቁጥር አየች፣ መዝገቡን ገለጠች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

"ሦስት መቶ አሥራ ስምንት" አለች። "ቀይ፣ ልሙጥ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ኪሎ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ርክክብ ላይ አራት መቶ አሥር። ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አለ ወንድም ጋሼ፣ ፊርማውን እንደሚያሳያት ሁሉ ተጠግቶ።

"በሦስት ሳምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ ጨመረ?"

"ሚዛን አይዋሽም" አለ። ልማድ ነው፤ ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

"ታዲያ የዋሸው ማነው?"

ወንድም ጋሼ የራሱን ፊርማ አየ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ አስቦ አያውቅም። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ጉጠቱን፣ ምሳ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን። ሲናገር ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻው አልተሰማም። ባለሙያዋ አልጮኸችም። "ያ ወይፈን ለሥጋ ከሄደ አምስት ወር ሆነው" አለች። "ከዚያ ዘር እንደሱ ያለ ሌላ አልነበረኝም።" መዝገቡን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

"እርስዎስ? ሲረከቡ ያውቁ ነበር?"

ነገሩ ሁሉ እዚህ መልስ ላይ ነበር። አላውቅም ካልኩ የተታለልኩ ነኝ፤ ግጦሹም ስሜም ይቆያል። አውቃለሁ ካልኩ አብሬ አጭበርባሪ ነኝ፤ ስምንት ላሞቼን በገመድ እየሳብኩ መሄድ ነው።

አሁን የእጄን ነገር ልናገር። ጌታው ከመኪና የወረደ ቀን ጀርባው ላይ ያሳረፍኩት እጄ ሰምጦ ነበር። ገና በማለዳው ከጠጉሩ ሥር ላብ ነበረው። ከብት የማውቅ ሰው ነኝ አላልኳችሁም? ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ይሄ በጋውን እንደማይችል፣ ላሞቼን ባዶ እንደሚያስቀራቸው፣ ሁሉንም። የዚያኑ ጠዋት ወደ ጣቢያው ሄጄ "ይሄ የእኔ አይደለም" ብል ምንም አይደርስብኝም ነበር፤ ሌላ ልሙጥ ይሰጡኝ ነበር። ግን መንደሩ ቆሞ ያየኝ ነበር። ባለሱቋ አፏን ይዛለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በቅናት ሲያየኝ ደስ አለኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ፣ ሲባል ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። እጄን ከጌታው ጀርባ አንስቼ ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። ወንድም ጋሼ ስጠርግ አይቶኛል።

"እሷ?" አለ ወንድም ጋሼ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ድምፁ ያ የድሮው ሆኖ ተመለሰ፤ ያው ንቀት፣ ያው የከንፈር አጣጣል። "እሷ ምን ታውቃለች! ከብት ከፍየል አትለይም። ያመጡላትን ተቀበለች።"

ሲናገር የሚያየው ባለሙያዋን አልነበረም። እጄን ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ ለዚያ ንግግር መልስ ሳጠራቅም ኖሬያለሁ። ሌሊት ነቅቼ የደረደርኩት መልስ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። አንገቴን ደፍቼ "አላውቅም" አልኩ።

ወንድም ጋሼን ከሚዛኑ አነሱት። የጣቢያውን ቤትም አስረከበ። ሚስቱ "እህ" ብላ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ እሱ የእኔ ጓዳ ውስጥ ነው የሚያድረው። ለእኔ ሌላ ኮርማ ተሰጠኝ፣ ትንሽ፣ ልሙጥ፣ ስም ያላወጣሁለት። ሰው "ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው ከሥራ የወጣው?" ሲለኝ ይሄንኑ ታሪክ እነግረዋለሁ። በ"ጸጥታ!" ይስቃሉ፣ በኩሬው ይስቃሉ፣ በመቶ ሃምሳው ኪሎ ሆዳቸውን ይይዛሉ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከጓዳው ይሰማል። የእጄን ነገር ከእናንተ በቀር ለማንም አልነገርኩም፣ ከጓዳው ወጥቶ ስለ እጄ የተናገረም የለም።

ትናንት የመጀመሪያዋ ላም ወለደች። ጥጃውን በጨርቅ አድርቄ፣ መዳፌን ከኋላ ወደ ፊት አስኬድኩ። ልሙጥ ነው። ወንድም ጋሼ በረቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ድሮ ቢሆን ገብቶ አንዴ አይቶ "ሃያ ስድስት" ይል ነበር። አልገባም።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው። ጠጉሩ አጭር ነው።"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ወደ ጓዳው ተመለሰ።